የአቶ ይርጋ የእንቅልፍ ሰም

በቀደም ከንፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በሚኒባስ ስሄድ ሾፌሩ ዘፈኑን ለቆት ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረው። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ተማሪ መሰለችኝ፤ ከቦርሳዋ ብርቱካንማ ስፖንጅ የመሰለ ነገር አውጥታ ጆሮዋ ውስጥ ወሸቀችና ሌላ ጥንድ ለእኔ ዘረጋችልኝ። «እማማ፣ ይሞክሩት፤ እንቅልፍ ይወስድዎታል» አለችኝ። ተቀበልኋትና በጣቴ ጨመቅሁት። አሸተትሁት። ጆሮዬ ውስጥ አድርጌ ባዶ አፌን አላመጥሁ፣ አዛጋሁ፣ ከዚያ ራሴን መስኮቱ ላይ ደገፍ አድርጌ በጎኔ ተጫንሁት። ልጅቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«እንዴ እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እየመረጥሁ ነዋ! የጆሮ መድፈኛ ዝም ብሎ ይወሸቃል እንዴ?»

እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን አቶ ይርጋ ትዝ አሉኝ። ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ልጆቼ «እማዬ፣ የሥራ ዘመንሽን ጻፊው» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ «ምኑ ይጻፋል? ቁስል አጠብሁ፣ መርፌ ወጋሁ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ አለቀ» እያልሁ ስመልሳቸው ኖሬያለሁ። ለካስ የሚጻፈው የእኔ ሳይሆን የእሳቸው ኖሯል።

ጎንደር ተምሬ ነርስ ሆኜ ስወጣ መጀመሪያ የደረሰኝ ንፋስ መውጫ ነው። ጊዜው የጃንሆይ ነው። መንገድ ማለት የበቅሎ መንገድ፣ ሆስፒታል ማለት ደግሞ ከዚያ ሁሉ ተራራ ወዲያ ያለ ወሬ ነበር። የክሊኒኩ ኃላፊ ቁጣ የሚቀናቸው ሰው ነበሩ፤ ጠዋት ጮኸውብኝ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደህና መደረቢያ የለሽም ብለው የራሳቸውን ካፖርት ይሰጡኛል። በኋላ መካነ ኢየሱስ ሠራሁ፣ ከዚያ ወገዳ ተዛወርሁ። ስለ ደመወዝና ስለ ዝውውር ወረቀት ማውራት አልወድም። ዘግይቶ ይመጣ ነበር፣ በቃ።

አቶ ይርጋን ያገኘሁት እዚያው ንፋስ መውጫ ነው፤ በኋላም ወገዳ ድረስ ረዳታቸው ሆኜ በየመንደሩ አብሬያቸው ዞሬያለሁ። የዓይን ድሬሰር ነበሩ፤ ዘለግ ያሉ፣ አንገታቸው ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። የሥራቸውን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። በዚያ አገር የዓይን ማዝ ያልነካው ቤት አልነበረም። ማዙ ዓመት ከዓመት ሲመላለስ የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል። ሽፋሽፍቱ ታጥፎ ብሌኑን መፋቅ ይጀምራል። ሰው በወረንጦ ይነቅለዋል፣ መልሶ ይበቅላል፣ ደግሞ ይነቅለዋል፤ እንዲህ ሲል ሲል ብሌኑ ነጭ ይሆንና ብርሃኑ ይጠፋል። አቶ ይርጋ ቆቡን በቀጭኑ ሰንጥቀው፣ ጠርዙን ወደ ውጭ መልሰው ይሰፉታል። መርፌዋ የምትመላለሰው ከብሌኑ አጠገብ ነው። እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ የሚመጣውን እናንተው ገምቱት።

የእሳቸው እጅ ደግሞ እንቅልፍ ካላገኘች አትረባም። ሌላው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ልቅሶ ቤት ተቀምጦ አድሮ ጠዋት ሞፈር ይጨብጣል። እሳቸው አንድ ሌሊት ካልተኙ ማንኪያ እንኳ አይጨብጡም። እንቅልፋቸውም የጉድ ነው፤ አይጥ ብታልፍ ይነቃሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ከመንደር መንደር በበቅሎ እየዞረ በየሰው ቤት የሚያድር! ውሻው በጅብ ይጮሃል፣ ጥጃው እናቱን ይጠራል፣ ባልቴቶች ገና ሳይነጋ ወፍጮ ላይ ተቀምጠው እያንጎራጎሩ ይፈጫሉ፣ አውራ ዶሮውማ አይነሳ።

ስለዚህ የምናድርበት ቤት ስንደርስ እኔ ውኃ ስጠይቅ እሳቸው ቤቱን ይዞራሉ። ዶሮው የት ነው የሚሰፍረው? ወፍጮው በየት በኩል ነው? ጥጃው የት ይታሰራል? መደቡን ከግድግዳ ጋር እያዩ፣ ጆሯቸውን ጭቃው ላይ እየለጠፉ ይመረምራሉ። አንዳንዱ ባለቤት ግብር ሊገምት የመጣ እየመሰለው ከብቱን በጓሮ በኩል ያሸሽ ነበር። ሲጨርሱ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ የመድኃኒት ቆርቆሮ ያወጣሉ። የእንቅልፍ ሰማቸው ያለችው እዚያ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ጊዜ ሳያት ሳቅሁባቸው፣ አልደብቅም። ግን እንዲህ ተጠንቅቆ የጆሮ መድፈኛ የሚመርጥ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። መጀመሪያ ባዘቶ ሞክረው ነበር አሉ፤ ለስላሳ ነው፣ ድምፅ ግን ያሳልፋል፣ ብናኙም ጆሮ ውስጥ እየቀረ ያሳክካል። የበግ ጸጉር ሞከሩ፤ ይሞቃል፣ ግን ይኮሰኩሳል፣ ዝናብ የነካው እንደሆነ ደግሞ ሽታው ራስ ያዞራል። ጨርቅ ጠቅልለው ሞከሩ፤ በጎን ሲተኙ ይወጋል። በመጨረሻ ሰምና ባዘቶን አንድ ላይ መለወስ ጀመሩ።

ሰሙም ያገኙት ሰም አይደለም። ማሩ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን ሰፈፍ ገዝተው በውኃ ያፈሉታል፣ በነጠላ ጨርቅ ያጠሉታል፣ ሲበርድ ከላይ የሚረጋውን ብቻ አንስተው እንደገና ያፈሉታል። «እናኑ፣ አሽትቺ» ይሉኛል። «ማር ማር ካለሽ ገና ነው፤ ጉንዳን ይጠራብሻል።» ከዚያ ባዘቶውን እየነጩ በመዳፋቸው ሙቀት ይለውሱታል። ስትጨረስ ባቄላ ታህላለች፤ ወደ ውስጥ የምትገባው ጫፏ ጠበብ፣ ደጅ የምትቀረው ሰፋና ጠፍጠፍ ያለች። «ደጃፉን ዝጊ እንጂ እልፍኝ አትግቢ» ይሉኝ ነበር፤ ወደ ጆሮ ውስጥ የሚሰነቅር ሰው ያናድዳቸዋል። ከጫፏ ዓይን የሚሰፉባት የሐር ክር ትንጠለጠላለች፤ ጠዋት እሷን ሳብ ማድረግ ነው። የቀኝና የግራ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ስላልሆነ የቀኙ ክር ላይ ቋጠሮ አለ።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። ጆሯቸውን ደፍነው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ሲያላምጡ ካመማቸው ትልቅ ናት፣ ከወደቀች ትንሽ ናት። በጎናቸው ኮርቻቸው ላይ ጋደም ይላሉ፤ ከጆሯቸው ቅርፊት አልፋ ከወጣች ትጫናለች፣ ትከረከማለች። ቀጥለው እኔን ደጅ ያስወጡኛል። ቀስ ብዬ አወራለሁ፤ ካልሰሙኝ ደግ። ከዚያ «ሐኪም! ሐኪም!» ብዬ እጮሃለሁ፤ ይህን ደግሞ ካልሰሙ ሰሟ ተፈርዶባታል። «ምጥ የያዛት ሴት ቢያመጡብን ማን ሊሰማ ነው?» ይላሉ። እኔ ደጅ ቆሜ ስጮህ የመንደሩ ሰው ስንት ጊዜ ዱላ ይዞ እየሮጠ መጥቷል መሰላችሁ! እኔም በመጨረሻ የራሴን አሠራሁ። የእሳቸውን በውሰት አይሰጡማ፤ ጆሮ የገባ ነገር ከሰው ሰው አይተላለፍም ብለው እምቢ።

ሌላም ነገር አለ። ንፋስ መውጫ ላይ ብርዱ ሰሙን ድንጋይ ያደርገዋል። ለዚያ ለጋ ቅቤ ጠብ ያደርጉበታል። ለቆላ ግን ቅቤ የሚባል ነገር አይነካውም፣ ባዘቶው ይበዛል። ይህን ልዩነት ያወቁበት ቀን እኔም ነበርሁ፤ ምነው ባልነበርሁ።

ያን ጊዜ ገና ቆላ ወርደው አያውቁም። ለንፋስ መውጫ ብርድ የተለወሰችውን ሰም እንደያዙ ከወገዳ በታች ወደ በሽሎ ወረድን። እዚያ ሙቀቱ ሌሊትም አይለቅ። ቅቤ የጠጣችው ሰም ጆሯቸው ውስጥ ቀለጠችና ወደ ውስጥ ፈሰሰች። የቅቤውን ሽታ ተከትሎ ደግሞ ጉንዳን መደቡ ላይ ወጣ። ጠዋት ስነሳ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን በኑግ ዘይት ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደም ለብሷል።

ሕመምተኞቹ ተሰልፈዋል። ከፊት ያለችው ወይዘሮ አትጠገብ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር ሴት ናት። አቶ ይርጋ «ነገ ይሁን» አሏት። «ነገን የምጠብቅበት ቤት የለኝም፤ ሕፃኔን ለጎረቤት ጥዬ ነው የመጣሁ» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። አንጀታቸውን በላችው። እጃቸውን ታጠቡ፣ ጀመሩ። እኔ መብራቱን ይዣለሁ። ሁሉም ደህና ሄደ፤ መጨረሻው ስፌት ላይ ግን እጃቸው ዘለለች።

ብርሃኗ ተረፈ። ቆቡ ግን ጥጉ ላይ ተሸርፎ ዳነ። ስትተኛ እንኳ አንድ ጥጉ አይገጥምም፤ አቧራው ይገባል፣ ነፋሱ ይገባል። አቶ ይርጋ በየዓመቱ ቅባት ይዘው ያንን ሁሉ ገደል ይወርዱላት ነበር። «ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» ብለው ለሰው ሁሉ ይናገራሉ፤ አንድም ቀን በሙቀቱ ወይም በጉንዳኑ ሲያላክኩ አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ ሳይተኙ ያደሩ እንደሆነ ንጉሥ ቢያዝዛቸው መርፌ አያነሱም።

እንግዲህ ዋናው ነገሬ የኔታ ላእከ ዘንድ የሆነው ነው።

ወገዳ ሳለን ነው መልእክቱ የመጣው። ከወገዳ ራቅ ያለ አንድ የሚካኤል ደብር የዜማ መምህር ናቸው፤ መሪጌታ ላእከ። ተማሪው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፣ እኛም እንደዚያው አልናቸው። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። በቀኙ ብቻ ነው የሚያዩት፤ እሱንም ሽፋሽፍቱ እየፋቀው ነው። ብርሃን ስለሚወጋቸው ቀን ቀን ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ፣ የሚያስተምሩት ሌሊት ነው። ጉባኤዬን በትኜ ወገዳ አልመጣም አሉ። እኛ ሄድን።

ስንደርስ የተደረገልንን ክብር ምን ብዬ ልንገራችሁ! እግራችንን አሳጠቡን፣ በግ ታረደልን። አቶ ይርጋ ያችኑ ዓይናቸውን በባትሪ አይተው ወደ እኔ ዘወር አሉና ቀስ ብለው «ብሌኑ ላይ ጭረት ጀምሯል። ክረምቱን ከተሻገረ አበቃ» አሉኝ። በነጋታው ሊሠሩላቸው ተስማሙ።

ወደ መኝታ ሲሆን የኔታ ለሐኪሙ ያዘጋጁት አልጋ የት ቢሆን ጥሩ ነው? ከዜማ ቤቱ ጎን፣ ግድግዳ ብቻ በሚለየው እልፍኝ! ማክበራቸው ነው። ድምፃቸው ያማረውን ተማሪዎች መርጠው ከግድግዳው ስር አስቀመጡና «ዛሬ እንግዳ አለን፤ አሳምሩት» ብለው አዘዙ። አቶ ይርጋ እንደ ልማዳቸው ቤቱን ዞሩት፤ ምን ያደርጋል፣ መሸሻ የለም። ሌላ ቤት ልደር ማለት ደግሞ ነውር ነው። ቆርቆሯቸውን አወጡ። ለአገሩ አየር እንድትስማማ ከደጋውም ከቆላውም ቀላቅለው ለወሷት፣ ቆሏቸውን ቆረጠሙ፣ ተኙ።

ጠዋት የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ፊታቸው በርቷል።

«እህ ሐኪሙ፣ ዜማው እንዴት ነበር? የትኛው ደስ አለህ?»

ከበስተኋላቸው ሆኜ ሁሉም ያምራል ይበሏቸው እያልሁ በዓይኔም በእጄም ጠቀስኋቸው። አቶ ይርጋ ውሸት የሚባል አልፈጠረባቸውም።

«የኔታ፣ አልዋሽዎትም። አልሰማሁም» አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። ሁለቱ ሰሞች ክራቸው ተንጠልጥሎ መዳፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። የኔታ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱ።

«ሰም?»

«ሰም ነው። ጆሮዬን ደፍኜ ነው የተኛሁት።»

«ሰም ለመቅደስ ሲበራ አውቃለሁ፤ ዜማ ሲደፈንበት ግን ዛሬ ሰማሁ» አሉ የኔታ። ድምፃቸው ቀጥኗል። «ዜማዬ እንደ ውሻ ጩኸት የሚደፈን ከሆነ፣ እንግዲያው ዓይኔም ይቅርብኝ። በቅሎህን ጫን።»

ደሜ ፈላ። አንዱ ሽማግሌ በኩራታቸው የቀረቻቸውን ዓይን ሊያጡ ነው፤ አንዱ ደግሞ ለአንድ ጠዋት እንኳ ውሸት አይወጣቸውም። «ምናለ አንዴ ቢዋሹ!» ብዬ በጆሯቸው ተቆጣኋቸው። አቶ ይርጋ ግን ወደ የኔታ ተጠግተው «ዛሬ አልጭንም። ዛሬ ማታ ሰሙን ለሲስተር እናኑ እሰጣታለሁና ተቀምጬ እሰማለሁ» አሏቸው።

«ትሰማለህ?»

«እስኪነጋ።»

የኔታ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ጠዋት እንነጋገራለን» ብለው ሄዱ።

ሰሟን ተቀበልኋቸው። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ከተማሪዎቹ መካከል ተቀመጡ። እኔ የራሴን ሰም አድርጌ ተኛሁ፤ አልዋሽም።

በነጋታው የኔታ ገና ከደጅ «እህሳ?» አሉ።

«የኔታ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አሉ አቶ ይርጋ። ዓይናቸው ቀልቷል፣ ፊታቸው ግን የተደሰተ ሰው ፊት ነው። «አንድ ድምፁ ወፍራም ተማሪ አለ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ጉሮሮው ውስጥ ያርገበግበዋል። እዚያ ላይ ልቤን ወሰደው።»

«ርክርክ ይባላል!» አሉ የኔታ፤ የሚያደርጉትን አጡ። «ታከለ ነው። ለዚያች ርክርክ ስንት ዘመን ደከምሁበት መሰለህ! በል እንግዲህ፣ አሁን ዓይኔን ያዝ። ፈቅጃለሁ።»

«አሁን ደግሞ እኔ አልፈቀድሁም የኔታ።»

አቶ ይርጋ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው የኔታን እጅ አነሱና ከላዩ ላይ አስቀመጡት። እኔ ከቆምሁበት ሆኜ ይታየኛል፤ ጣቶቻቸው ይርገበገባሉ።

«ሌሊቱን ሙሉ ዜማ የሰማው እጅ ይኸውልዎት። በዚህ እጅ የሰፋኋት አንዲት ሴት በሽሎ ቆላ አለች። ዛሬም ስትተኛ ዓይኗ አይገጥምም። ሕፃኗን ለጎረቤት ጥላ ነበር የመጣች። እርስዎን እንደሷ አላደርግዎትም፤ ቢያባርሩኝ ይሻለኛል።»

የኔታ የሚርገበገቡትን ጣቶች ዳሰሱ። ከዚያ ከንፈራቸው ወደ ፈገግታ ሄደ።

«ርክርክ ለጉሮሮ ነው እንጂ ለእጅ አይሆንም» አሉ። «ሂድ ተኛ። ሰምህንም አድርግ።»

ወጥተው ተማሪዎቹን ዝም አሰኙ። በዚያ ግቢ ዜማ ተቋርጦ አያውቅም፤ ሌሊትም ቀንም አንዱ ሲያርፍ አንዱ ይቀጥላል። አውራ ዶሮው ጎረቤት ተላከ። ሴቶቹ ወፍጮውን ተዉት። የኔታ ራሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ከእልፍኙ ደጃፍ ተቀመጡ።

ወይ ጉድ! ከዚያ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ሳቅ ይይዘኛል። የዜማው ድምፅ ጠፍቶ ሲውል የአገሩ ሰው ምን ይመስለዋል? የኔታ ሞቱ! ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ወገቡን ታጥቆ፣ ከየአቅጣጫው «አባቴን! መምህሬን!» እያለ በር ላይ ደረሰ። የኔታ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው፣ መቋሚያቸውን አንስተው፣ በሹክሹክታ ይቆጣሉ፤ «ዝም በሉ! ዝም! ሐኪሙ ተኝቷል!» አልቃሹ የሞተውን ሰው ቆሞ ሲያየው አፉን ያዘ። አንዳንዷ ልቅሶዋን ሳትጨርስ ሳቀች፣ አንዳንዱ ተቆጣ። ሮጬ ገባሁና አቶ ይርጋን አየኋቸው፤ ክሯ ከጆሯቸው ተንጠልጥላ ያንኮራፋሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራው ተሠራ። እኔ እንደ ወትሮዬ መብራት ይዤ ነበር። እጃቸው ስትሄድ ለማየት ታስጎመጃለች፤ አትቸኩልም፣ አትመለስም። አንድ ጊዜ «ያምዎታል የኔታ?» አሉ። «ሥራህን ሥራ» አሏቸው። ስፌቱ ተጠናቀቀ፣ ዓይኑ ታሰረ። አቶ ይርጋ አደራ ብለው አስጠነቀቋቸው፤ በጀርባዎ ይተኙ፣ ድንገት አይነሱ፣ አይጩኹ፣ ስፌቱ ይበጠሳል አሉ።

ማን ሰምቶ! ዜማው ይቀጥል ብለው አዘዙና ቀጠለ። ታከለ ርክርኳ ላይ ሲደርስ አንዳንዴ ያልፋታል፤ ሲደክመው ነው። ያን ጊዜ የኔታ ከአልጋቸው በርግገው «ታከለ! ርክርኩን የት ጣልኸው!» እያሉ ይነሳሉ። ዓይኔ እያየ ፋሻው እርጥብ ደም አወጣ። አቶ ይርጋ ፊታቸው አመድ መሰለ። ተማሪዎቹን እንደገና ዝም እናሰኛቸው ብላቸው የኔታ እምቢ አሉ፤ «አገሩ ሁለተኛ ሊያለቅስብኝ ነው? ደግሞስ በዓሉ ቀርቧል፣ ትምህርቱ አይቋረጥም።»

ትንሽ ቆይተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያች ሰምህ... አለች?» አሉ።

አቶ ይርጋ አልሳቁም። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ ወጣሁ። ስመለስ እሳቸው የኔታን ጆሮ እያዩ ነበር፤ እንደ ዓይን ነው የሚያዩት፣ በመብራት። የራሳቸውን አልሰጧቸውም፤ ለጧፍ ከተዘጋጀው ከደብሩ ንጹሕ ሰም አስመጥተው አዲስ ለወሱ። የሽማግሌ ጆሮ ጸጉር ስላለው ሰሙ ሲወጣ እንዳይነጫቸው ከላይ በስሱ ባዘቶ አለበሱት። ቆሎ መቆርጠም ስፌቱን ስለሚጎዳ ባዶ አፋቸውን አስላመጧቸው፤ ትልቅ ሆነች፣ ቀነሷት፤ ደግመው አስላመጧቸው። የሐሩን ክር ቋጠሩ። የኔታ እንደ ሕፃን ተመቻችተው ጆሯቸውን ሰጡ። ታከለ ርክርኳን አለፋት፤ የኔታ አልተነሱም። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ስፌቱ እስኪፈታ እንዲህ ሆነው ሰነበቱ። የሚፈታበት ጠዋትም ሰሟ ጆሯቸው ውስጥ ናት፤ መቀሱ ክሩ ስር ሳለ ቢበረግጉስ ብለው አቶ ይርጋ አላወጧትም። ተማሪዎቹ የመምህራቸውን ዓይን ለማየት ከደጃፉ ስር ተሰብስበው ተቀምጠዋል፤ ትምህርቱ አይቋረጥም ስለተባለ ዜማቸውን እንደያዙ ናቸው። ታከለ ከፊት ነው። መጨረሻው ክር ወጣ። አቶ ይርጋ ዓይኑን በእርጥብ ጥጥ ጠረጉና ይክፈቱ ለማለት ትከሻቸውን ነካ አደረጉ።

ከፈቱ። እንባቸው ወረደ፣ ጠረግሁላቸው። መጀመሪያ የአቶ ይርጋን ፊት አዩ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ወደ ደጃፉ ዞሩ። ብርሃኑን ተከናንበው አልሸሹትም። ትክ ብለው አዩ። ሁላችንም የሚሉትን እየጠበቅን ነው፤ እኔ ተመስገን ይላሉ ብዬ ነበር። የኔታ መቋሚያቸውን ዳብሰው አነሱና ወደ ታከለ ቀሰሩት።

«ታከለ! ርክርኩን ዘለልኸው!»

ታከለ ደነገጠ። ጆሯቸው እንደተደፈነ ያውቃል፤ ክሯ ተንጠልጥላ ትታየዋለች። ምን እንደሚል ጠፍቶት እኔን አየኝ።

«ምን ታያታለህ? አፍህ ቦታዋ ላይ ሲደርስ ጉሮሮህ አልተንቀሳቀሰም» አሉት የኔታ። «አየሁህ!»

አቶ ይርጋ ክሯን ሊስቡላቸው እጃቸውን ዘርግተው ነበር። ሌሊቱን ደህና ተኝተው ነው ያደሩት፤ እኔ ራሴ ደጅ ቆሜ «ሐኪም!» ብዬ ጮኼ ሰሟን የፈተንሁላቸው ነኝ። ግን ያች እጃቸው የኔታ ጆሮ ዘንድ ሳትደርስ ተንቀጠቀጠች፤ ክሯን መያዝ አቅቷቸው እኔ ሳብሁላቸው።